ሮኬቷ ወደ ነፋሱ ዞረች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። የሳይንስ ክበባችን ልጆች ስለ ላይኛው አየር ሲማሩ ጥያቄያቸው በዛ። የአየር ጠባይ ፊኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይፈነዳል። ከዚያ በላይ ያለውን ነፋስና ሙቀት ይለኩ የነበሩት እንደ አርካስ ያሉ ትንንሽ ሮኬቶች ናቸው። እስከ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተው መለኪያውን በፓራሹት ይለቁት ነበር፤ ራዳር ፓራሹቱ ወዴት እንደሚነዳ ይከተል ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ "እኛም እንሥራ" አሉ።

የሠሩት የውሃ ሮኬት ነው። ሃይላንድ ግፊት ስለማይችል የሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ፈለጉ። የካርቶን ክንፍ ለጠፉ፣ ሲሶውን ውሃ ሞሉ፣ በሳይክል መንፊያ ነፉት።

ከሰዓት በኋላ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወጣን። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ "ወደ ምዕራብ ይወስዳታል" ብሎ ተመልካቹን በምሥራቅ በኩል አቆመ። ሮኬቷ ውሃ እየረጨች ተነሣች። የቤት ጣሪያ ሳታልፍ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ ቀጥታ ሰው ወዳለበት! "አቦ ሽሹ!" ብሎ አንዱ ልጅ ጮኸ። ሰው ተበተነ። ዳር ላይ ቡና ከምታፈላው እናት ጀበና አጠገብ አሸዋው ውስጥ ተሰካች። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

መምህሩ እዚያው ቁጭ ብሎ በጣቱ አሸዋው ላይ ሣለልን። ነፋሱ በደንብ የሚያገኘው ኋላ ያሉትን ክንፎች ነው። ጅራቷን ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ወደዞረችበት ይነዳታል። ፍጥነቷ ገና ትንሽ ስለሆነ ከሁሉም የሚከፋው ከመሬት የተነሣች ሰሞን የሚያገኛት ነፋስ ነው። እነ አርካስም መሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ነፋሱ በየከፍታው ይለካ ነበር፤ ማስወንጨፊያውም በልኩ ያዘነብል ነበር። ህንዶች እ.ኤ.አ. በ1963 መተኮስ የጀመሩባት ቱምባ የባሕር ዳርቻ ናት፤ የሚወድቀውን ባሕሩ ይቀበላል። የተመረጠችው የምድር መግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያዘነብልበት መስመር፣ በአጠገቧ ስለሚያልፍ ነው። ያ መስመር በእኛም አገር ያልፋል፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

አሁን የፌስታል ክር የታሰረበት እንጨት ሳይተከል መንፊያው አይነካም። አንዱ ክር ጉልበት ላይ፣ ሌላው ከሰው ቁመት በላይ። ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ማስወንጨፊያው ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ተመልካች ወደ ጎን ራቅ ብሎ ይቆማል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ እንተኩስ የሚሉ አሉ። እኔ ግን በነፋሱ ተኩሰው፣ ስንት ዲግሪ ማዘንበል እንዳለባት ራሳቸው ቢለኩ እመርጣለሁ።