የሰው ቅጠል በመኪና ጭኜ

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኖቬምበር ሲገባ ጎረቤቶቻችን የረገፈውን ቅጠል ጠርገው በትልልቅ የወረቀት ከረጢት ያጭቁና መንገድ ዳር ያቆሙታል። የቆሻሻ መኪና መጥቶ እስኪወስደው ነው። እኔ ደግሞ ከመሸ በኋላ እየዞርኩ እጭነዋለሁ። መጀመሪያ የወጣን ቀን ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍቶ «አበሻ ቢያየን ምን ይለናል?» አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ደግሞ አበሻ የማያይበት ጥግ የለም።

ነገሩ የጀመረው በጓሮው ነው። እናቴ ስትተክል እያየሁ ስላደግሁ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ዶማ ገዝቼ መሬቱን ስመታው ዶማው ነጠረ። ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ጡብ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «አሸዋ ጨምሪበት» አለችኝ። እግዜር ይስጣት! ጨመርኩበት፤ ሲሚንቶ ሆኖ አረፈው።

ቀጥሎ ደግሞ ጊዜው አታለለኝ። ማርች መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት ሞቀ። በቃ በጋ ገባ ብዬ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ተከልኩ። ኤፕሪል ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ፤ ጠዋት ስወጣ ሁሉም የተቀቀለ መስሎ ተኝቷል። ለእናቴ ደውዬ ብነግራት «ፋሲካ እየደረሰ ውርጭ?» አለችኝ። እሷ ክረምት ስትል ዝናብ ነው፣ እኔ ክረምት ስል በረዶ። ግማሹ የስልክ ሂሳባችን «የትኛው ክረምት?» በመባባል ነው የሚያልቀው። አሁን ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ሜይ ላይ የሚውለው የእናቶች ቀን ሳያልፍ ከቤት አላወጣም።

ሸክላውን ለማለስለስ የጀመርኩት ብስባሽም (ኮምፖስት) ቢሆን ወዲያው አልተሳካልኝም። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላ እየሰበሰብኩ በርሜል ውስጥ እደፋለሁ። እኛ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጓደል ስለሚፈላ አተላ ሞልቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው። ይባስ ብሎ ባለቤቴ «ይበሰብሳል አይደል?» ብሎ የተረፈ ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ጨመረበት። ሌሊት ራኩን የሚባል የቆሻሻ ቀበኛ አውሬ ክዳኑን ፈንቅሎ አጥንቱን ጎረቤት ደጅ ላይ አሰጣልን። በርበሬው እንዴት እንዳልከበደው እስካሁን ይገርመኛል።

በኋላ ሲገባኝ የጎደለው ደረቅ ነገር ነበር። እርጥብ የወጥ ቤት ትራፊ ብቻውን ሲከመር አየር ያጣል፣ ይቆመጥጣል። አንድ ባልዲ ትራፊ ስጨምር ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ማልበስ አለብኝ። ለዚህ ነው የሰው ቅጠል ለቀማ የወጣሁት። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደተተወ ጨርቅ ይሁን፣ ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ገደማ ይድረስ፣ አልፎ አልፎ ይገላበጥ። ያኔ ከውስጥ ይሞቃል። በብርድ ጠዋት በመንሽ ስገልጠው እንፋሎቱ ቡልቅ ሲል፣ የእናቴ ምጣድ ክዳን የተነሳ ይመስለኛል። ሽታውም ተለወጠ፤ ዝናብ የነካው ጫካ ይሸታል።

ሸክላውን መቆፈር ተውኩ። በየዓመቱ አራት ጣት የሚሆን ብስባሽ ከላይ አለብሰዋለሁ፣ የቀረውን የምድር ትሎቹ ወደ ታች ይወስዱታል። በሦስተኛው ዓመት አካፋው ያለ እግር እርዳታ ገባ። ቪዲዮ ከፍቼ ለእናቴ ሳሳያት ትሎቹን ቆጠረቻቸው።

ጎመን ላይ ግን ከእሷ ጋር አልተስማማንም። እዚህ በጁላይ ሙቀት አብቦ ይመራል። ስለዚህ ኦገስት ላይ እዘራለሁ፤ የበልጉ የመጀመሪያ ውርጭ ሲመታው ስኳር ይቋጥራል፣ ያኔ ነው የምቀነጥሰው። «በልግ» ያልኩት ቅጠል የሚረግፍበትን የእዚህን ነው፤ ይኸው ሌላ ጭቅጭቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከሰርግ ስንመለስ ባለቤቴ ድንገት መኪናውን ጥግ ያዘ። ሱፉን እንደለበሰ ወርዶ አንዱን ከረጢት በእጁ መዘነ፣ ውስጡን በስልኩ መብራት አየ። «ደረቅ ነው፣ ፕላስቲክ የለበትም» አለኝ። «የኋላውን ክፈቺ።»