የፖቶማክ ወንዝና የሳይክሌ ቁልፍ

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ፖቶማክን የማውቀው ግን ለሥራ ስመላለስ ከድልድይ ላይ ነው። ባለፈው ጓደኛዬ ሁለት አሮጌ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ገዛና "የጣና ልጆች ሆነን መቅዘፍ ያቅተናል?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለታችንም ባሕር ዳር አድገን ታንኳ ላይ የወጣነው ለፎቶ ብቻ ነው።

የዚህ ጉዞ ራስ ምታቱ መቅዘፉ ሳይሆን መመለሱ ነው። ወንዙ ወደ ታች ይወስድሃል፣ መኪናህ እላይ ቀርቷል። የሱን መኪና ደግሞ ሚስቱ ቅዳሜ ለሥራ ትፈልገዋለች። መላው ሳይክል ሆነ። ከወንዙ ጎን ለጎን የድሮው ቦይ መንገድ አለ፤ ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ 184.5 ማይል፣ ያኔ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ፣ አሁን የእግረኛና የሳይክል የሆነ። ሜዳ ስለሆነ እንደኔ ሆዱ የወጣም ሰው አይቸገርም።

እናም አቀድን። መጀመሪያ ጉዞው የሚያልቅበት፣ ከታች ያለው ፖይንት ኦፍ ሮክስ ሄደን አንድ ሳይክል እናስራለን፤ ከዚያ በመኪና ከላይ ወዳለችው ብራንስዊክ ወጥተን ካያኮቹን ውሃ ላይ እናወርዳለን፤ ሰባት ማይል ገደማ ቀዝፈን ስንደርስ አንዳችን በሳይክል ተመልሶ መኪናውን ያመጣል፣ ሌላው ዕቃ ይጠብቃል። ከላይ ከሃርፐርስ ፌሪ የሚጀምሩ አሉ፣ ግን እዚያ ውሃው ከድንጋይ ጋር ይላተማል፣ ዋና ለማይችል አይሆንም። የወንዙን ከፍታም ሦስት ቀን ሙሉ በስልኬ ስከታተል ከረምኩ፤ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ላይ መለኪያ አለው። ባለቤቴ ደግሞ "ላይፍ ጃኬቱን ካወለቅክ ቤት እንዳትመጣ" ብላኛለች።

ቅዘፋው ሰላም ነበር። ኤሊዎቹ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጠጋ ስንል አንድ በአንድ ጧ እያሉ ውሃ ይገባሉ። ጓደኛዬ እየሳቀ ቆሎ ይቅማል፣ ካያኩ ደግሞ ወደ ጎን ይዞረዋል።

ደረስን። ኪሴን ብዳብስ የሳይክሉ ቁልፍ የለም! መኪናው ውስጥ፣ የቡና ኩባያ ማስቀመጫው ላይ ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ ሌባ እንዳይቆርጠው ብዬ መርጬ የገዛሁት ወፍራም ነው፤ እንኳን ሌባ እኔም አልቻልኩትም። ባቡር ጣቢያው እዚያው ፊታችን ተገትሯል፣ መስመሩም ብራንስዊክ ይደርሳል፣ ግን ቅዳሜ ባቡር የለም። በስልክ ታክሲ ብፈልግ አንድም መኪና አይታይም።

በእግሬ ነካሁት። ሰንደሌ ውሃ ጠጥቶ በየእርምጃው ጭቅ ጭቅ ይላል። በየማይሉ ምልክት ስለተተከለ እያንዳንዷን እቆጥራታለሁ፣ ባይኖር ይሻል ነበር። ካቶክቲን ጋ ቦዩን በጅረት ላይ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በ1973 ተንዶ በ2011 እንደገና የተሠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፎቶ አነሳው ነበር። ሳይክል ነጂዎች "በግራህ!" እያሉ ሽው ይሉብኛል፤ የኔ ግን እዚያ ታስራ ቀርታለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። መኪናውን ይዤ ስመለስ ጓደኛዬ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፣ ቆሎውንም ጨርሶታል።

"በሚቀጥለው ቁልፉን አንገትህ ላይ እንደ ማተብ ነው የማስርልህ" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ ትናንት የክሩን ፎቶ ላከልኝ።