መቶ ሁለት ዓመት የነገሡት አባ ጅፋር

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አንዱ ተማሪዬ ስለ ጅማ ነገሥታት የጻፈውን ረቂቅ ቆሞ ሲያነብ “አባ ጅፋር ጅማን ከ1830 እስከ 1932 አስተዳደሩ” አለ። መቶ ሁለት ዓመት! ፊቱ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም። “ሲሞቱ ታዲያ ስንት ዓመታቸው ነበር?” ስለው ትንሽ አሰበና “ድሮ እኮ ሰው ዕድሜ ነበረው፣ ቲቸር” አለኝ። ክፍሉ አውካካ።

ደብተሩን ተቀብዬ ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ስምንት ገጽ ሞልቷል። ችግሩ ሁሉም ቦታ “አባ ጅፋር” ብቻ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855 የነገሡት ቀዳማዊው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትና ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ዛሬም የምናየው ዳግማዊው፣ ሁለቱም ደብተሩ ላይ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ ብለዋል። ይባስ ብሎ የዳግማዊው መንገሥ አንድ ገጽ ላይ 1870፣ ሌላው ላይ 1878 ነው። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን የሚናገር አንድም ፊደል የለም። ጥፋቱ የኔም ነው። “መረጃ ሰብስባችሁ ኑ” ብዬ ላክኋቸው እንጂ እንዴት እንደሚያዝ መች አሳየኋቸው?

የቀኑን ትምህርት ትቼ ያገለገለ የፈተና ወረቀት ለአራት ለአራት ቆራረጥን። አንድ ቁራጭ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጥጉ ላይ ከየት እንደተገኘ፣ መጽሐፍ ከሆነ ገጹ ጭምር። ዓመት ካለው “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.”። ቃል በቃል የተገለበጠ ከሆነ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ። ይሄኛውን ደጋግሜ ነው ያልኩት፤ ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ የራስ ሐሳብና የሰው ሐሳብ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ እስክሪብቶ ተደርድረው ሲገኙ ማን የማን እንደሆነ ባለቤቱም አይለየውም።

“ከየት አመጣኸው?” ስል ግማሹ “ከጉግል” ይለኛል። ጉግል እኮ መርካቶ ያደረሰህ ባጃጅ ነው። ሸሚዙን ከማን ገዛኸው ስትባል ከባጃጁ ትላለህ?

ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ አለች። ደብተሯ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ በጣም በትንሹ፣ “ሂርማታ። ሐሙስ ሐሙስ” የሚል አየሁ። የድሮው ትልቁ የሐሙስ ገበያ። ለምን ቁራጩ ላይ እንዳላሰፈረችው ስጠይቃት “እሱማ ከመጽሐፍ አይደለም፣ አኮዬ ናት የነገረችኝ” አለች፤ አያቷን ማለቷ ነው። እንዴ! ለኔ ከዚያ ሁሉ ቅጂ ይሄ ይበልጥብኛል። ማን እንደነገረሽ፣ መቼ እንደነገረችሽ፣ በዓይኗ አይታ ይሁን ከእናቷ ሰምታ ጻፊ አልኳት። የመጨረሻውን አላወቀችውም። ቦታውን ባዶ ተወችው፤ ማታ ልትጠይቃት።

ከዚያ ቁራጮቹን ዴስክ ላይ ዘርግተው መደልደል ጀመሩ። ገበያው እዚህ፣ ቤተ መንግሥቱ እዚያ፣ ዳግማዊው ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩበት ነገር ለብቻው። ባለ መቶ ሁለት ዓመቱ ልጅ ሁለቱን ንጉሦች ለያይቶ ከመረ። ለዳግማዊው አሥራ ሰባት ቁራጭ፣ ለቀዳማዊው ሦስት። ሦስቷን እያገላበጠ “ቲቸር፣ ስለ መጀመሪያው እኮ ምንም የለኝም!” አለ፣ የሆነ ሰው የሰረቀው ይመስል። ስምንት ገጽ ጽፎ ያልታየው ነገር ነው።

በነገራችን ላይ እኔም ከነሱ አልሻልም። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ደስ የሚል ጥቅስ ይዤ ነበር፤ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ገጽ እንደሆነ ስፈልግ ሦስት ሌሊት አደርኩ። አላገኘሁትም። አውጥቼ ጣልኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ይሄን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

ሊወጡ ሲሉ ልጁ የጽሑፉን ርዕስ ሰርዞ “ዳግማዊ አባ ጅፋር” ብሎ ጻፈ። ሦስቱን ቁራጮች በብር ላስቲክ አስሮ ኪሱ ከተታቸው።

“አትጥላቸውም?” አልኩት።

“ገና ናቸዋ!”