ባክ ዳውን፣ ደሴ ዳገት ላይ

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ሰሞኑን ማታ ማታ እንግሊዝኛ አብረን እናነባለን። ትናንት «ባክ ዳውን» የሚል ቃል ላይ ደረስን። «ማፈግፈግ» ብያት ላልፍ ነበር። እሷ ግን ዋዛ አይደለችም። «ባክ ኦፍንም፣ ባክ አውትንም ማፈግፈግ ነው ያልከኝ። ታዲያ ሦስት ቃል ምን ያደርግላቸዋል?»

እውነቷን ነው። ባክ ኦፍ ያው «ዞር በል፣ አትጠጋኝ» እንደማለት ነው። ባክ አውት ቃል ማጠፍ ነው፤ እሺ ብሎ መቅረት። ባክ ዳውን ግን «ሞቼ እገኛለሁ» ያሉትን ነገር መተው ነው። የሚከብደው ደግሞ ሰው ሲያይ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሚሳይሎች ከኩባ ሲነሱ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ባክ ዳውን አደረገ ተባለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲም እኮ ቱርክ ያሉትን ሚሳይሎቹን ለማንሳት ተስማምቶ ነበር። የሱ በሚስጥር ስለነበር ያኔ ማንም አልቆጠረበትም።

ዛሬ ከሰኞ ገበያ ስንመለስ አንድ ጠባብ የኮብልስቶን ዳገት ላይ ባጃጃችን ከሚወርድ ባጃጅ ጋር ተፋጠጠ። ማለፊያ የለም። የኛው ሹፌር ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያኛውም አጠፋ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው።

አንዲት እናት የቡና መቁያቸውን እንደያዙ ከበራቸው ብቅ አሉ። ጭሱ ገና ይወጣል። «የኔ ጌታ፣ በሞቴ! ቡናዬ ሳያርብኝ አንተ ውረድልኝ።»

ሹፌራችን ሳቀ። «ለእማማ ብዬ ነው እንጂ!» አለ፣ ያኛው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ቁልፉን አወጣ፣ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደ። በኋላ ማርሽ ቁልቁል መውረድንም እንግሊዞቹ ባክ ዳውን ነው የሚሉት።

እዚህ ወሎ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ አበጋሮችም፣ እንደኔ እንደኔ፣ ግማሽ ሥራቸው ይኸው ነው። ሰውየው «ፈራሁ» ሳይል «ለእነሱ ብዬ ተውኩት» የሚልበትን በር ይከፍቱለታል። ለዚህ እንግሊዝኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ማታ ደብተሯን አየሁት። «ባክ ዳውን፦ ለእማማ ብሎ መተው» ብላ ጽፋለች። ፈተና ላይ እንዳትደግሚው አልኳት።