ኮሶበር፣ ከካባው ውስጥ የወጣው አረንጓዴ

አባይ በረሃ ላይ ሹፌሩ አልቆምም አለኝ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነበር። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ታች ወደ ድልድዩ አሸዋ ድንጋይ። አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ድንጋይ የትም አለ» ብሎ ነዳው። ተሳፋሪው ሳቀ።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ባቢሌን አለፍ ሲሉ፣ ዳካታ ሸለቆ ላይ፣ ግራናይቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ ይታያል። ግራናይት ተራራ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው። ከምድር ቅርፊት ሥር፣ ማንትል ከሚባለው ክፍል ቀልጦ የመጣ። ግራናይቱ ገና ሳይረጋ ከደረሰ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ረግቶ ከተሰነጠቀ በኋላ ከመጣ ደግሞ ስንጥቁን ሞልቶ ጥቁር መስመር ያሰምርበታል። ጎጃም ላይ ግን እንግዳው ቤቱን ወርሶታል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰው ባዛልት አገሩን አለበሰው፤ ቆይቶ ጮቄ በላዩ ተነሳ። ግራናይት ያማረው ሰው ወደ ምዕራብ፣ መተከል ድረስ መውረድ አለበት።

እኔን ያማረኝ ሌላ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ቁራጭ። እሱ ደግሞ እንጅባራ አካባቢ ይገኛል።

ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን በእንቅልፍ አለፍኳቸው።

እንጅባራ፣ ብዙ ሰው አሁንም ኮሶበር የሚላት፣ የደረስኩት ጥር 20 ቀን 2012 ነው። ለአገው ፈረሰኞች በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው። አልጋ 500 ብር ተባልኩ። ሻወሩ ቀዝቃዛ፣ ብርድ ልብሱ አንድ።

«በዓል እኮ ነው ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«በዓሉ ጥር 23 አይደል እንዴ?»

«ፈረሱስ ቀድሞ አይደል የሚመጣው?»

ሳቄ አመለጠኝና ከፈልኩ። ብርዱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ ካልሲ ደርቤ፣ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ሌሊት ቢመጣ ከተማው በሙሉ ለቅሶ ይቀመጥ ነበር።

ጠዋት ባጃጅ ተኮናተርኩ፤ ደርሶ መልስ 150 ብር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የድንጋይ ካባ ሄድን። አንድ ሽማግሌ ለኮብልስቶን ድንጋይ ይጠርባሉ።

«አባቴ፣ አረንጓዴ ነገር ያለበት ድንጋይ ያጋጥምዎታል?»

«ያ የማይረባው? መዶሻ ሲነካው ይፈረካከሳል። ስንቱን ጥርብ አበላሸብኝ መሰለህ!»

ከጣሉት ክምር ውስጥ ፈለግ ፈለግ አድርገው አንዱን አነሱና ከጀሪካን ውሃ አፈሰሱበት። ወዲያው ቀለሙ ወጣ። በጥቁሩ ባዛልት መሃል እንቁላል የሚያህል አረንጓዴ ቁራጭ ተሰክቷል። ፍሬ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ከጤፍ ይተልቃል፣ ከስንዴ ያንሳል። አብዛኛው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ኦሊቪን ይባላል። አልፎ አልፎ ደመቅ ያለ አረንጓዴ አለ። እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከዳሩ ጥቂት ፍሬ እጄ ላይ ረገፈ።

ይህ ቁራጭ አልቀለጠም። ቅላጩ ሽቅብ ሲወጣ ከማንትሉ ላይ ገንጥሎ ይዞት የመጣ ጠጣር ድንጋይ ነው። ከቅላጩ ስለሚከብድ፣ መንገድ ላይ ቢዘገዩ ኖሮ ይሰምጥ ነበር። ስለዚህ ይሄኛው ባዛልት ብዙም ሳያርፍ በፍጥነት ወጥቷል ማለት ነው። አባይ አፋፍ ላይ ያለው አሮጌው ባዛልት እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ቅርፊቱ ውስጥ ቆይቶ፣ ከባድ ከባዱን ማዕድን እዚያው አራግፎ ነው የመጣው።

ይህን ለሽማግሌው አስረዳሁ። ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ነው የመጣው አልኳቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ችሎ መጥቶ እኔ እጅ ላይ ነው የሚፈርስ?» አሉ።

መልስ አላገኘሁለትም። ብር ላውጣ ስል ተቆጡኝ። ይልቅ የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው አቀረቡልኝ፤ ከትናንትናው እራቴ በስንት ጣዕሙ!

ስንመለስ ዘንገና ሐይቅ ጎራ አልን። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ ነው፣ ዙሪያው ደን። ያምራል። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን እየነካካሁ ስለነበር ብዙም አላየሁትም።

ከተማ ስንደርስ የባጃጁ ልጅ 200 አለ።

«150 አልነበር እንዴ የተነጋገርነው?»

«ስንሄድ ድንጋይ አልያዙም ነበራ!»

ከፈልኩት።