መጀመሪያ አሽትቱት

ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የአበባን ክፍሎች በቃላቸው ይወጡታል። በየቀኑ የሚያልፉትን ቁጥቋጦ ግን ልብ ብለው አያዩትም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ሲክ የሚባለውን መተግበሪያ ሞከርኩ። አካውንት አይጠይቅም። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ተክልና ነፍሳትን በካሜራ ይለያል።

ሦስት ስልክ ይዘን፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅደን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ሄድን። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው ሁሉ አለ። ልጆቹ ግን ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ስም ሲወጣ ይጮሃሉ፣ ወዲያው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ስልክ ያልደረሳቸው ዳር ቆመው ቀሩ። ከፍቶኝ ተመለስኩ።

በሳምንቱ አካሄዴን ቀየርኩ። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ስልክ አይወጣም። ቅጠሉን ገልብጡ፣ እሹት፣ አሽትቱት፣ ሳሉት። ቤት ውስጥ ተክሉን የምትጠሩበትን ስም ጻፉ።

አጥሩ ሥር ያበበ ግራዋ አገኘን። በኋላ ካሜራውን ስንደግንበት መተግበሪያው አስተራሴ የሚለው የተክል ቤተሰብ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። አንዲት ልጅ ቅጠሉን አሽታ፣ «ቲቸር፣ ግራዋ እኮ ነው! እናቴ የጠላ ጋን የምታጥብበት» አለች። ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው ስላቸው አላመኑኝም። አበባውን ፈልቅቀን መዳፏ ላይ ዘረገፍነው። አንድ የመሰለን አበባ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ያኔ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ስልኩን የጠየቀ አልነበረም።

መተግበሪያው የሚማረው ሰዎች አይናቹራሊስት በሚባለው የተክልና የእንስሳት ፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ከሚጭኑት ፎቶ ነው። የአንድ ተክል ፎቶ በቂ ካልሆነ ወገኑ ወይም ቤተሰቡ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አሁን ቅጠሉን፣ አበባውንና ግንዱን ለየብቻ እያነሳን በእኔ አካውንት እንጭናለን። የልጆቹ ሰፈር እንዳይታወቅ ትክክለኛ ቦታውን እሸፍናለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፦ መተግበሪያው ያለውን አምኖ ምንም ነገር መቅመስ የለም።

ባለፈው ሰኞ አንድ ልጅ አያቱ የነገሩትን የሦስት ተክል ስም ጽፎ መጣ። አንዱን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ቅዳሜ አያቱ ራሳቸው ሊያሳዩን ነው።