የቢላ መሳያ ስትመርጡ፣ የታተመውን ዲግሪ አትመኑ

ለቤት ቢላዎቼ መሳያ ስመርጥ አስቀድሞ ቢነገረኝ የምወደው አንድ ነገር ነበር። መቆንጠጫና ዘንግ ባላቸው መሳያዎች ላይ የታተመው ዲግሪ ልክ የሚሆነው ለአንድ የቢላ ስፋት ብቻ ነው። የቀረው ምርጫ ቀላል ስለሆነ እሱን ቶሎ ልጨርሰው።

ከመሳያው በፊት ቢላዎቹን ለዩ። የተለመደው የማይዝግ የኩሽና ቢላ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ54 እስከ 58 አካባቢ ነው፤ ለእሱ በእያንዳንዱ ጎን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ይስማማዋል። ከ60 በላይ የሆነው ቀጭኑ ቢላ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ይችላል፤ ነገር ግን መስመር መስመር ባለው የብረት ዘንግ ላይ ካሻሻችሁት ስለቱ ይሸራረፋል። ለእሱ ለስላሳ የሴራሚክ ዘንግ ያዙ። ቢላው በመሃሉ የሚጎተትበትን ባለ ስንጥቅ መሳያ ከዝርዝሬ ያወጣሁት ወዲያው ነው፤ አንግሉ አይቀየርም፣ ብረቱንም ከመሳል ይልቅ ይቦጭቀዋል።

ድንጋይ አታብዙ። ሻጮች የሻካራነት ቁጥሩ ከ80 እስከ 10,000 የተደረደረ ስብስብ ያቀርባሉ፤ ለቤት ሦስት ይበቃል። ለተሸራረፈና በጣም ለዶለዶመ ባለ 400 የአልማዝ ሰሌዳ፣ ለዘወትር 1000፣ ለማለስለሻ 3000። ስትገዙ ግን የቅንጣቱን መጠን በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) ጠይቁ፤ በጃፓኑ መለኪያ የ1000 ቅንጣት ከ11 እስከ 15 ማይክሮን ሲሆን፣ በአውሮፓው ኤፍ መለኪያ 1000 ማለት ወደ 4.5 ማይክሮን ነው። አንዱ ብረት ቆርጦ ስለት ያወጣል፣ ሌላው ያለውን ስለት ብቻ ያለሰልሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። መቆንጠጫው ቢላውን በጀርባው ይይዛል፤ ድንጋዩ የታሰረበት ዘንግ ከፍ ብሎ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ይመላለሳል። አንግሉን የሚወስኑት ሁለት ርዝመቶች ናቸው፦ ቀዳዳው ከቢላው በላይ ያለው ከፍታ፣ እና ከቀዳዳው እስከ ስለቱ ያለው አግድም ርቀት። ከፍታው 36 ሚሊሜትር፣ ርቀቱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 20 ዲግሪ ይመጣል። ቢላው ሰፋ ብሎ ርቀቱ 125 ሲሆን ያው ቀዳዳ የሚሰጠው 16 ዲግሪ ነው። ጠባብ ሆኖ 75 ሲሆን ደግሞ ከ25 ያልፋል። ቀዳዳው ላይ ግን «20» እንደተጻፈ ነው!

የእኔ መሳያ መመሪያ ስለዚህ አንዲት መስመር አልጻፈም። አምራቹን ስጠይቅም «ቀዳዳውን 20 ላይ ያድርጉት» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም። ዛሬም ያናድደኛል፤ የሚጠበቅበት ነገር ቢኖር ትንሽ የርቀት ሠንጠረዥ ማተም ብቻ ነበር።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ሰፊውን ቢላ «20» ላይ ስታስሩት ድንጋዩ ከስለቱ በላይ ያለውን ትከሻ ብቻ ይፍቃል። ብረት ሲወጣ ታያላችሁ፣ ድንጋዩ ይጠቁራል፣ ቢላው ግን እንደዶለዶመ ይቀራል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ድንጋዩን ይረግማል። በጠባቡ ቢላ ላይ ተቃራኒው ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ወፍራም ስለት ይወጣለትና ወረቀት ይቆርጣል፤ ካሮት ላይ ሲደርስ ግን ከመቁረጥ ይልቅ ይሰነጥቃል።

መፍትሔው ጥቁር ማርከር ነው። የስለቱን ተዳፋት፣ ማለትም ከትከሻው እስከ ስለቱ ጠርዝ ያለውን ዘቅዛቃ ክፍል፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀቡና ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ከዚያ ብርሃን ላይ ያዙት። ቀለሙ ከትከሻው ብቻ ከለቀቀ አንግሉ አንሷል፤ ከስለቱ ጠርዝ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል፤ ተዳፋቱ ሙሉ በሙሉ ከጸዳ ልክ ነው። ማግኔት ያለው ዲጂታል መለኪያ ከተጠቀማችሁ ዜሮውን መቆንጠጫው ላይ አድርጉ። የቢላው ጎን ራሱ ወደ ስለቱ እየሳሳ ስለሚሄድ እሱ ላይ ከጀመራችሁ አንድ ሁለት ዲግሪ ይስታል።

ቀጥታ በሆነው የስለት ክፍል አንግሉ አይለወጥም። የሚለወጠው ቢላው ወደ ጫፉ ሲታጠፍ ነው። ጫፉ ከቀዳዳው እየራቀ ከሄደ አንግሉ እየቀነሰ ተዳፋቱ ጫፉ ጋ ይሰፋል። ስለዚህ መቆንጠጫውን ወደ ጫፉ ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩና ማርከሩን እንደገና ቀቡ። ጫፉም መሃሉም እኩል እስኪጸዳ ድረስ ቦታውን ቀያይሩ፤ ቦታው ሲገኝ ወረቀት ላይ መዝግቡት። ከ20 ሴንቲሜትር በላይ በሆነ ቀጭን ቢላ ግን መድከም አያስፈልግም፤ ከመቆንጠጫው የራቀው ክፍል በድንጋዩ ክብደት ይተጣጠፋል።

በዚህ ምክንያት መቆንጠጫውን ለትንንሽና ታጥፈው ኪስ ለሚገቡ ቢላዎች ብቻ አስቀርቼ፣ ትልልቆቹን በውሃ ድንጋይ በእጅ እስላለሁ። በእጅ አንግል ማግኘት እንደሚፈራው አይደለም። ስፋቱ 45 ሚሊሜትር የሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ 11.6 ሚሊሜትር ከፍ ሲል 15 ዲግሪ ይሆናል፤ 15.4 ሲሆን 20። በዚያ ልክ የተቆረጠ እንጨት ከጎኑ አስቀምጡና እጃችሁ እስኪለምድ እያያችሁ ሥሩ።

በአንዱ ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ስስ ትርፍ ብረት ይታጠፋል። አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ውጭ አንሸራታችሁ ሻካራ ነገር ከእጀታው እስከ ጫፉ ካልተሰማችሁ ጎን አትቀይሩ። ጣታችሁን በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አትጎትቱ። በመጨረሻም 3000ው ላይ ጎን እየቀያየራችሁ፣ ጫናውን እየቀነሳችሁ ትርፉን አንሱት። ትርፉ ካልተነሳ ቢላው ለጊዜው ምላጭ ይመስልና ጥቂት እንደቆረጠ ይዶለዱማል።

የውሃ ድንጋይ ሁሉ ይዘፍዘፍ የሚለውን ምክር አትቀበሉ። በማግኒዥያ የተጣበቀ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ከተዘፈዘፈ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ውሃ እየረጫችሁበት ሥሩ። መሃሉ ሲጎደጉድ በእርሳስ መረብ አሥምሩበትና መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ በ400ው የአልማዝ ሰሌዳ አስተካክሉት። ሰሌዳውን ለዚህም ስለሚሆን ነው የመረጥኩት።

ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ለጠፍጣፋ ድንጋይ አይሆንም። ከጥርሱ ጉድጓድ ጋር የሚገጥም ሾጣጣ የአልማዝ ወይም የሴራሚክ ዘንግ ይዛችሁ፣ ተዳፋት ባለው ጎን ብቻ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ሳሉ። ጠፍጣፋውን ጎን በ3000ው ላይ ሳታነሱ ተኝቶ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል።